ዝግ፣ ክፍት ወይስ በመካከል ያለው? ለድርጅታችሁ ሶፍትዌር ስትመርጡ

ሶፍትዌር የሚመርጥ ድርጅት ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚጀምረው ከዋጋ ነው። አንዱ «ነፃ እያለ ለምን እንከፍላለን?» ይላል። ሌላው «ሲበላሽ ማንን እንጠይቃለን?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ከሁለቱም በፊት መነሳት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን ሶፍትዌር መተው ብንፈልግ ምን ይዘን እንወጣለን?

ይህ መመሪያ ከዚህ ጥያቄ ይነሳል። የአንዱ ኩባንያ ምርት ከሌላው ይሻላል አይልም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ ከዚያ ገበያ ላይ ያሉትን አራት መንገዶች በእነሱ ይመዝናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ክፍት ስታንዳርድና ክፍት ኮድ አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። አንዳንድ ሻጮችም «የእኛ ምርት ክፍት ነው» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ አይናገሩም። ስለዚህ ከዚህ እንጀምር።

ክፍት ስታንዳርድ ስምምነት ነው። ፋይሉ ምን መልክ ይኑረው፣ ሁለት ኮምፒውተሮች እንዴት ይነጋገሩ የሚለው በጽሑፍ ይቀመጣል። ያንን ያነበበ ሁሉ የራሱን ፕሮግራም መሥራት ይችላል። ክፍት ኮድ፣ በተለምዶ ኦፕን ሶርስ የምንለው፣ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ነው። የተጻፈበትን ኮድ ማንም እንዲያየው፣ እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረውና እንዲያሰራጨው ተፈቅዷል።

አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል። ፒዲኤፍን ውሰዱ። አዶቤ የፈጠረው ፎርማት ነው፤ ከ2008 ጀምሮ ግን አይኤስኦ 32000 የተባለ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኗል። አዶቤ የሚሸጠው ፕሮግራም እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ያም ሆኖ የፒዲኤፍ ፋይል ያለው ሰው አይቸገርም፤ የሚከፍቱለት ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። በተቃራኒው ኮዱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ ዳታውን ራሱ ብቻ በሚያውቀው መልክ የሚያስቀምጥ ፕሮግራምም ያጋጥማል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ስታንዳርድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ይህን ጽሑፍ የምታነቡበትን ፊደል ማየት ይበቃል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው በ1999 ከወጣው ከዩኒኮድ 3.0 ጋር ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የመጻፊያ ሶፍትዌር ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ስምምነቱ ከተደረሰ በኋላ ግን የስልክ አምራቹም፣ የዌብ ብራውዘር ሠሪውም፣ የዳታቤዝ ሠሪውም አንዱን ሰንጠረዥ ተከተሉ። ጽሑፉ ከፕሮግራሙ ተላቀቀ።

ንግዱን በትልቁ ያንቀሳቀሰው የሁለቱ መገናኘት ነው። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ኮምፒውተሮች ወደሚነጋገሩበት ስታንዳርድ፣ ወደ ቲሲፒ/አይፒ፣ የዞረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ነበር። የአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን የዌብን ኮድ ማንም እንዲጠቀምበት የለቀቀው ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ነው። ከዚያ በኋላ ዌብሳይት መሥራት የፈለገ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም። በ1995 አፓቼ የተባለው የዌብ ሰርቨር መጣ፤ እሱም ክፍት ኮድ ነበር። ሊነክስ የተባለው ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ከ1991 ጀምሮ እያደገ ነበር። ጀማሪ ኩባንያዎች ገንዘባቸውን መሠረቱን ለመግዛት ከማፍሰስ ይልቅ ከመሠረቱ በላይ በሚሠሩት ሥራ ላይ አዋሉት። በፈጠራና በጋራ ኮድ መካከል ያለው ግንኙነት ይኸው ነው፤ ሁሉም የሚያስፈልገው ነገር አንዴ በጋራ ከተሠራ፣ ውድድሩ ደንበኛው ወደሚያየው ነገር ይሸጋገራል።

## በምን እንመዝን?

አምስት መመዘኛዎች አሉኝ። እኩል ክብደት የላቸውም፤ ስለዚህ በክብደታቸው ቅደም ተከተል አስቀምጣቸዋለሁ።

መውጫ። ዳታችሁን አውጥታችሁ ሌላ ፕሮግራም ላይ መጠቀም ትችላላችሁ ወይ? «ኤክስፖርት» የሚል ቁልፍ መኖሩ አይበቃም። የደንበኞች መዝገብ የሚይዝ አንድ ሲስተም አስቡ። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ የሲኤስቪ (ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ) ፋይል ይወርዳል። ሁሉም ነገር የወጣ ይመስላል። ፋይሉን በስፕሬድሺት ስትከፍቱት የስልክ ቁጥሮቹ መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ ጠፍታለች። 03/04 የሚለው ቀን ማርች 4 ይሁን ኤፕሪል 3 አይታወቅም። ሠራተኞች የጻፉት ረጅም ማስታወሻ መስመር በሰበረበት ቦታ ሁሉ ተቆራርጦ ወደ ሌላ ረድፍ ገብቷል። ከደንበኛው ጋር የተያያዙት ሰነዶች በፋይል ፋንታ በሊንክ ነው የመጡት፤ ሊንኩም የሚያመለክተው የሻጩን ሰርቨር ነው። ውሉ በተቋረጠ ቀን ሊንኩም ይሞታል። መዝገቡን ማን መቼ እንደቀየረው የሚያሳየው ታሪክ ደግሞ ጭራሽ የለም።

እንዲህ ያለ ኤክስፖርት መውጫ አይባልም። እውነተኛ መውጫ ምን እንደሚመስል ለማየት ጉግል ሪደር የተባለው የድረ ገጽ ጽሑፎች ማንበቢያ የተዘጋበትን ጊዜ ማስታወስ ይበቃል። ጁላይ 1 ቀን 2013 አገልግሎቱ ቆመ። ተጠቃሚው የሚከታተላቸውን ገጾች ዝርዝር ኦፒኤምኤል በሚባል የታወቀ ፎርማት አውርዶ ሌላ አንባቢ ላይ ጫነው። ገጾቹ ራሳቸው የሚመጡት በአርኤስኤስ፣ ድረ ገጾች አዲስ ጽሑፋቸውን በሚያሰራጩበት ክፍት ስታንዳርድ፣ ስለነበር ማንበቡ ቀጠለ። አገልግሎቱ ሞተ፣ ስታንዳርዱ ግን ተጠቃሚውን አሻገረው።

የመወሰን ሥልጣን። ነገ ሕጉን መቀየር የሚችለው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ሰው ይዘለዋል፤ ውሎ አድሮ ግን ከፈቃዱ ጽሑፍ እኩል የሚወስነው እሱ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ የኮዱ ባለመብት ግን አንድ ኩባንያ ነበር። በ2008 ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2010 ኦራክል ሰንን ሲጠቀልል ማይኤስኪውኤልም አብሮ ሄደ። ይህን የሰጉ ሰዎች፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ማይክል ዊዴኒየስ ጨምሮ፣ በ2009 ኮዱን ወስደው ማሪያዲቢ የተባለውን ቅርንጫፍ ጀመሩ። ተጠቃሚው ምርጫ አገኘ። ያገኘውም ፈቃዱ ስለፈቀደ ነው።

ከጎኑ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን ሌላ ዳታቤዝ ተመልከቱ። በ1986 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሥራ ነው። ዛሬ የሚያለሙት በብዙ ኩባንያዎች የሚሠሩ ሰዎች ሲሆኑ አንድ ገዢ መጥቶ ሊገዛው የሚችል ባለቤት የለውም። ስለዚህ አንድን ፕሮጀክት ስትመዝኑ የኮዱ ባለመብት ማን እንደሆነ፣ አብዛኛውን ኮድ የሚጽፈው አንድ ኩባንያ መሆን አለመሆኑን፣ ስሙና የንግድ ምልክቱ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ።

ፈቃድ። ኦፕን ሶርስ የሚባሉት ፈቃዶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ልል የሆኑት፣ እንደ ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቼ 2.0፣ ኮዱን ወስዳችሁ ዝግ ምርት ውስጥ እንድትጨምሩ ይፈቅዳሉ። አፓቼ 2.0 ስለ ፓተንትም፣ ማለትም ስለ ፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ በግልጽ ይናገራል፤ ኮድ ያዋጣ ሰው በዚያው ኮድ በፓተንት እንዳይከስሳችሁ ይከላከላል። ሁለተኛው ወገን የጂፒኤል ቤተሰብ ነው፤ እንዳገኛችሁት ለሌላውም አካፍሉ ይላል። ጂፒኤል ያለበትን ፕሮግራም ለሌላ ሰው ስታስተላልፉ ኮዱንም መስጠት አለባችሁ። በድርጅታችሁ ውስጥ ብቻ ከተጠቀማችሁበት ግን ይህ ግዴታ የለም። ብዙ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሳያውቅ ጂፒኤል ሲባል ይደነግጣል። ኤጂፒኤል አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ቀይራችሁት በኔትወርክ አገልግሎት የምትሰጡበት ከሆነ ለተጠቃሚዎቹ የቀየራችሁትን ኮድ ማቅረብ አለባችሁ።

ስታንዳርድም ቢሆን ፈቃድ አለው። ሰነዱ ታትሞ ሊገኝ ይችላል፤ ሥራ ላይ ለማዋል ግን የፓተንት ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። ኤችኢቪሲ የተባለው የቪዲዮ ስታንዳርድ በ2013 ሲወጣ ፓተንቶቹ በተለያዩ ቡድኖች እጅ ስለነበሩ ለማን ምን ያህል እንደሚከፈል ራሱ ራስ ምታት ሆነ። በ2015 ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ተሰባስበው ኤቪ1ን መሥራት ጀመሩ፤ በ2018 ያለ ፓተንት ክፍያ ለቀቁት። የዌብ ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ዳብልዩ3ሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ስታንዳርዶቹ ከፓተንት ክፍያ ነፃ እንዲሆኑ የሚጠይቅ ደንብ አለው።

ጥገናና ደህንነት። ቀዳዳ ሲገኝ ማን ይደፍነዋል፣ በምን ያህል ፍጥነት? «ክፍት ኮድ ብዙ ዓይን ስለሚያየው አስተማማኝ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚያመሰጥረው ኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ የነበረው ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ በ2012 ገብቶ እስከ ኤፕሪል 2014 ድረስ ይፋ አልወጣም። የዓለም የኢንተርኔት ንግድ የሚተማመንበትን ኮድ የሚንከባከቡት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ዓይን ሊያየው መቻሉና ዓይን ማየቱ ይለያያሉ።

በሌላ በኩል በማርች 2024 የኤክስዚ፣ የክፍት ኮድ ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም፣ ጉዳይ አለ። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ የፕሮጀክቱን እምነት አግኝቶ የስውር መግቢያ ኮድ አስገባ። የደረሰበት የፖስትግሬስኪውኤል ባለሙያው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። ወደ ሰርቨሩ መግባት ከተለመደው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶበት ምክንያቱን ፍለጋ ሄደ። ሄዶ ማየት የቻለው ኮዱ በእጁ ስለነበረ ነው። ዝግ ሶፍትዌርም ከዚህ አላመለጠም። በዲሴምበር 2020 ይፋ የሆነው፣ በኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ሻጩ በሶላርዊንድስ ላይ የደረሰው ጥቃት የገባው ደንበኞች በሚያምኑት የሻጩ ማሻሻያ በኩል ነበር።

ጠቅላላ ወጪ። ክፍያው፣ የሠራተኛው ጊዜ፣ ሥልጠናው፣ ዳታ የማዛወሩ ሥራ፣ በመጨረሻም የመውጫው ወጪ ተደምሮ የሚገኘው ነው። ዋጋን መጨረሻ ያደረግሁት ስለማይረባ አይደለም፤ በዋጋ መደራደር ስለሚቻል ነው። ማውጣት የማትችሉት ዳታ ላይ ግን ድርድር የለም።

## አንደኛው መንገድ፦ ዝግ ሶፍትዌር

እዚህ ኮዱን አታዩም። የምትገዙት የመጠቀም መብት ነው፤ አሁን አሁን ደግሞ በአብዛኛው በወርሃዊ ወይም በዓመታዊ ክፍያ። ጥንካሬው ግልጽ ነው። ወዲያው ሥራ ትጀምራላችሁ፣ የሚጠየቅ አካል አለ፣ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ያውቀዋል። በአንዳንድ ሙያዎች፣ ለምሳሌ በምህንድስና ንድፍ፣ ዝግ ምርቶች ከክፍቶቹ በግልጽ የላቁ ናቸው። ይህን መካድ ለማንም አይጠቅምም።

ድክመቱ መውጫው ላይ ነው። ዳታው በሻጩ የራሱ ፎርማት ከተያዘ ዋጋ ሲጨምር እጅ ከወርች ታስራችሁ ታገኙታላችሁ። ሻጩ ምርቱን ሲያቋርጥም ሌላ ሰው ተረክቦ ሊቀጥለው አይችልም። ስለዚህ ዝግ ሶፍትዌር ስትገዙ ትልቁን ትኩረት ስታንዳርድ ላይ አድርጉ። የቢሮ ሰነድ ከሆነ በ2006 የአይኤስኦ ስታንዳርድ የሆነውን ኦዲኤፍን ወይም በ2008 የጸደቀውን ኦኦኤክስኤምኤልን በትክክል ያነባል፣ ይጽፋል? የቀን መቁጠሪያ፣ ኢሜይልና የተጠቃሚ መግቢያ በታወቁ ስታንዳርዶች ይሠራሉ? መልሱ አዎ ከሆነ ዝግ ምርት በጣም የሚያዋጣ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

## ሁለተኛው መንገድ፦ ክፍት ኮድ፣ በራስ እጅ

ኮዱን ታወርዳላችሁ፣ ሰርቨራችሁ ላይ ትጭናላችሁ፣ ራሳችሁ ታስተዳድራላችሁ። ለፈቃድ አትከፍሉም። ማንም መጥቶ ትናንት በእጃችሁ የገባውን ኮድ ሊነጥቃችሁ አይችልም። ፈቃዱ ወደፊት ቢቀየር እንኳ አሮጌው ቅጂ በአሮጌው ፈቃድ ይቀጥላል።

ኮድ በእጅ መኖሩ ያልታሰበ ነገር ሲወልድ የታየበት አንድ ታሪክ አለ። በ2003 ሰዎች ዳብልዩአርቲ54ጂ የተባለው የሊንክሲስ የቤት ራውተር ውስጥ የሊነክስ ኮድ መኖሩን ደረሱበት። ሊነክስ በጂፒኤል ስለሚሰራጭ ኩባንያው ኮዱን የማውጣት ግዴታ ነበረበት፤ አወጣውም። ከዚያ ኮድ በመነሳት በ2004 ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር ተጀመረ። ሰዎች በዚያ ርካሽ ራውተር ላይ አምራቹ ያላሰባቸውን አገልግሎቶች ጨመሩበት፤ ሶፍትዌሩም ወደ ሌሎች አምራቾች ዕቃዎች ተዛመተ። የአንድ ፈቃድ አንቀጽ አንድ ሙሉ የሶፍትዌር ዘርፍ አቋቋመ ብል ማጋነን አይሆንም።

ወጪው ሰው ላይ ነው። ባክአፕ የሚይዝ፣ ማሻሻያ የሚጭን፣ ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻ ካላችሁ ደግሞ እሱ ሥራ የለቀቀ ቀን ነፃ የተባለው ሶፍትዌር ከሁሉም ውድ ይሆናል። ማሻሻያ የሚቆምበትንም ጊዜ እወቁ፤ ለምሳሌ ፖስትግሬስኪውኤል እያንዳንዱን ዋና ቅጂ የሚደግፈው ለ5 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አዲሱ መሸጋገር የእናንተ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትጠቀሙበትን ፕሮጀክት ከቻላችሁ ደግፉ። ስህተት ስታገኙ በዝርዝር ጽፋችሁ አሳውቁ፣ ያስተካከላችሁትን ኮድ መልሱ፣ በጀት ካላችሁ አዋጡ። ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያስተካከላችሁትን ለራሳችሁ ብቻ ካስቀመጣችሁ አዲስ ቅጂ በወጣ ቁጥር እንደገና መሥራት ይኖርባችኋል።

## ሦስተኛው መንገድ፦ ክፍት ኮድ፣ በተከፈለበት ድጋፍ

ኮዱ ክፍት ነው፤ እናንተ ግን ለሚያስተዳድርላችሁ ወይም ለሚደግፋችሁ ኩባንያ ትከፍላላችሁ። «ነፃ ነገር ላይ እንዴት ይነገዳል?» ለሚለው ጥያቄ ሊነክስን የሚያቀርበው ኩባንያ ሬድ ሃት መልስ ሰጥቷል። የሸጠው ድጋፍ፣ የተፈተነ ቅጂና ረጅም የጥገና ዋስትና ነው፤ የሊነክሱ ዋና ቅጂ ለ10 ዓመት ይደገፋል። በ2012 ዓመታዊ ገቢው 1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

የክላውድ አቅራቢዎችም ፖስትግሬስኪውኤልን ወይም ኩበርኔቲስን (ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያሠራ ሥርዓት) እያስተዳደሩ በኪራይ ይሰጣሉ። ኩበርኔቲስ ራሱ የክፍት ኮድና የስታንዳርድ ድምር ነው። ጉግል በ2014 ኮዱን ለቀቀ፤ በ2015 ሲኤንሲኤፍ ወደተባለው ተቋም ተዛወረ። ተቋሙ ከ2017 ጀምሮ የየአቅራቢው ኩበርኔቲስ አንድ ዓይነት ባሕርይ እንዳለው የሚፈትንበት የማረጋገጫ ፕሮግራም አለው። ኮዱ ክፍት፣ ስምምነቱም የተፈተነ፣ ባለቤቱም አንድ ኩባንያ ያልሆነ። ለአብዛኛው መካከለኛ ድርጅት ከአራቱ መንገዶች ይህንን አስቀድማለሁ።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ነው። አቅራቢው ከክፍቱ ኮድ በላይ የራሱን ማማለያዎች ይጨምራል። እነሱን በተጠቀማችሁ ቁጥር ሳታውቁት ወደ አንደኛው መንገድ ትመለሳላችሁ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስኪውኤል ስለሆነ ተማምናችሁ፣ መግቢያውን፣ የመልእክት ወረፋውንና ሪፖርቱን በአቅራቢው ብቻ በሚገኝ አገልግሎት ከገነባችሁ መውጫው ተዘግቷል። ድጋፍ ሰጪ ኩባንያም ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። በዲሴምበር 2020 ሬድ ሃት የነፃው የሊነክስ ቅጂ የሴንትኦኤስ ሊነክስ 8 ድጋፍ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ፤ ተጠቃሚዎቹ እስከ 2029 ይቆያል ብለው ነበር የጫኑት። ኮዱ ክፍት ስለነበር ግን ሮኪ ሊነክስና አልማሊነክስ የተባሉት ምትክ ቅጂዎች በ2021 ደረሱላቸው።

## አራተኛው መንገድ፦ ኮዱ የሚታይ፣ ፈቃዱ የተገደበ

ኮዱን ማየት፣ ብዙ ጊዜም በነፃ መጠቀም ይቻላል። ግን «ተወዳዳሪ አገልግሎት አትሽጡበት» የሚል ዓይነት ገደብ አለበት። የዳታቤዝ ኩባንያው ሞንጎዲቢ በ2018 ኤስኤስፒኤል የተባለ ፈቃድ አወጣ። የፍለጋ ሶፍትዌር ሠሪው ኢላስቲክ በ2021 ከአፓቼ 2.0 ወጥቶ ወደዚያ ዞረ። የሰርቨር ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሠሪው ሃሺኮርፕ በኦገስት 2023 ቢኤስኤል ወደተባለ ሌላ የተገደበ ፈቃድ፣ የዳታቤዝ ሠሪው ሬዲስ በማርች 2024 ከቢኤስዲ ወደ ተገደበ ፈቃድ ሄዱ።

የኩባንያዎቹ ቅሬታ ሐሰት አይደለም። ትልልቅ የክላውድ ድርጅቶች ኮዱን ወስደው ይሸጣሉ፣ ለሠራው የሚደርሰው ጥቂት ነው ይላሉ። ሰሚ ሊኖረው የሚገባ ክርክር ነው። ለእናንተ እንደ ገዢ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ መሠረታችሁን ያቆማችሁበት ፈቃድ በአንድ ቀን ማስታወቂያ ሊቀየር ይችላል ወይ? በእነዚህ ሁሉ የቀየረው ፕሮጀክቱን የሚቆጣጠር አንድ ኩባንያ ነው።

ቀጥሎ የሆነውም ትምህርት ይሰጣል። ከኢላስቲክ ኦፕንሰርች ተቀነጠሰ። ከሃሺኮርፑ ቴራፎርም ኦፕንቶፉ ወጣ። ከሬዲስ ደግሞ ለውጡ ከታወጀ በኋላ በቀናት ውስጥ ቫልኪ በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር ተቋቋመ። ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025 ኤጂፒኤልን እንደ አማራጭ ጨምረው ወደ ኦፕን ሶርስ ተመለሱ። የመጨረሻው ክፍት ቅጂ በሰዎች እጅ ስለነበር ነው ይህ ሁሉ የተቻለው።

ቢኤስኤልን ከሌሎቹ ለይቼ አየዋለሁ፤ እያንዳንዱ ቅጂ ቢበዛ ከ4 ዓመት በኋላ ወደ ክፍት ፈቃድ እንዲለወጥ ያስገድዳል። ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ገደቡ ላይነካችሁ ይችላል። ሶፍትዌሩን ምርታችሁ ውስጥ አስገብታችሁ የምትሸጡ ከሆነ ግን የሕግ ባለሙያ ሳያየው አትግቡበት።

## አራቱ በአንድ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ዝግ | ክፍት፣ በራስ እጅ | ክፍት፣ በድጋፍ | የተገደበ ፈቃድ |
|---|---|---|---|---|
| መውጫ | በፎርማቱ ይወሰናል፤ ከመግዛት በፊት ይፈተን | ጥሩ፣ ዳታው በእጅ ነው | ጥሩ፣ የአቅራቢው ጭማሪዎች ካልተበራከቱ | መካከለኛ |
| የመወሰን ሥልጣን | የሻጩ ብቻ | ብዙ ባለድርሻ ካለው የተሰራጨ | ኮዱ ላይ የተሰራጨ፣ አገልግሎቱ ላይ የአቅራቢው | የአንድ ኩባንያ |
| ፈቃድ | በውሉ ልክ | ሰፊ፤ ጂፒኤል ሲሆን የማካፈል ግዴታ | ሰፊ | ውድድርን የሚከለክል |
| ጥገና | ሻጩ | እናንተ | አቅራቢው | ኩባንያው ወይም እናንተ |
| የመነሻ ወጪ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| የባለሙያ ፍላጎት | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መካከለኛ |

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆም በሉ። አንድ ኩባንያ ብቻ የሚያለማው ክፍት ኮድ ዛሬ በሁለተኛው ዓምድ ቢቀመጥም ነገ ወደ አራተኛው ሊዞር ይችላል።

## ለማን የትኛው?

የኮምፒውተር ባለሙያ የሌለው ትንሽ ቢሮ ሰርቨር ለመትከል አይሞክር። በወር የሚከፈልበት አገልግሎት፣ ዝግም ቢሆን፣ ይሻለዋል። ቅድመ ሁኔታው ሰነዱ በታወቀ ፎርማት መቀመጡና በየሦስት ወሩ ሙሉ ኤክስፖርት ተወስዶ በራስ ዲስክ መያዙ ነው። በጀቱ በጣም የጠበበ ከሆነ ለሰነድ ሥራ ክፍት ኮድ የሆነው ሊብሬኦፊስ ይበቃዋል።

አዲስ ምርት የሚገነባ ጀማሪ ኩባንያ ልል ፈቃድ ባላቸው፣ በብዙ እጅ በሚለሙ ክፍት ኮዶች ላይ ይቁም፤ የሚያስተዳድርለትን ይከራይ። የሚጠቀምባቸውን ኮዶችና ፈቃዳቸውን ከመጀመሪያው ቀን በዝርዝር ይመዝግብ። ባለሀብት ሲመጣ ወይም ኩባንያው ሲሸጥ ይህ ዝርዝር መጠየቁ አይቀርም፤ በኋላ ከሺህ ፋይሎች ውስጥ መልቀም አድካሚ ነው።

መዝገብ ለአሥርት ዓመታት የሚይዝ ተቋም፣ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ስታንዳርዱን የጨረታው አስገዳጅ መስፈርት ያድርገው። ሶፍትዌሩ ከዳታው ቀድሞ ያረጃል። ለማኅደር የተዘጋጀው ፒዲኤፍ/ኤ፣ በ2005 የአይኤስኦ ስታንዳርድ የሆነው፣ የተሠራው ለዚሁ ነው። ኮዱ ክፍት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፎርማቱ ክፍት መሆኑ ግን ግድ ነው።

የራሱ የቴክኒክ ቡድን ያለው ትልቅ ድርጅት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያቀላቅል። ተፎካካሪ ሁሉ የሚጠቀምበትን መሠረት በጋራ ኮድ ይሥራ፤ ከሌላው የሚለየውን ራሱ ይጻፍ። በጣም ለሚተማመንባቸው ፕሮጀክቶች የሠራተኞቹን የሥራ ሰዓት ይመድብ።

ሶፍትዌር የምትሸጡ ከሆነ ጥያቄው ይገለበጣል፤ የትኛውን ፈቃድ እንስጥ? በስፋት እንዲሰራጭና ስታንዳርድ እንዲሆን የምትፈልጉት ነገር ከሆነ አፓቼ 2.0 ጥሩ ነው። ሌላው ወስዶ እንዳይዘጋው የምትሰጉ ከሆነ ጂፒኤልን ወይም ኤጂፒኤልን ምረጡ፤ ዝግ ምርት ውስጥ ማስገባት ለሚፈልግ ደግሞ በክፍያ ሌላ ፈቃድ መሸጥ ይቻላል። ዋናው ውሳኔውን ገና ሲጀመር ማድረግ ነው። ክፍት ብላችሁ አምኖ የመጣውን ማኅበረሰብ በኋላ በሩን ስትዘጉበት ምን እንደሚሆን ከላይ አይታችኋል።

## ከመፈረም በፊት የሚደረግ ሙከራ

የመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት እጩዎች ሲቀሩ ሻጩ የሚያሳየውን ማብራሪያ ትታችሁ ራሳችሁ ሞክሩ። ጥቂት መቶ እውነተኛ መዝገቦችን፣ የግል መረጃቸውን ሸፍናችሁ፣ አስገቡ። ረጅም ማስታወሻ፣ በአማርኛ የተጻፈ ስም፣ የተያያዘ ሰነድ፣ ተሰርዞ የተመለሰ መዝገብ ይኑርበት። ከዚያ ሁሉንም ኤክስፖርት አድርጉና በሌላኛው እጩ ላይ ጫኑት። የጠፋውን ጻፉ። ሥራው ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉ፤ የመውጫ ወጪያችሁ ግምት እሱ ነው።

ውሉ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ይግባ። ኤክስፖርቱ በየትኛው ፎርማት እንደሚሰጥ በስም ይጠቀስ። አገልግሎቱ ከተቋረጠ በኋላ ዳታው ለስንት ቀን እንደሚቆይ ይጻፍ። የተያያዙ ፋይሎችና የለውጥ ታሪክ በኤክስፖርቱ እንደሚካተቱ በግልጽ ይስፈር። ሻጩ ሦስተኛውን ለመጻፍ ካመነታ ምክንያቱን ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ ስለማይችል ነው፣ ያንንም ከፊርማው በፊት ማወቅ አለባችሁ።